የራስ ቆዳ ሶሪያሲስ ምንድን ነው? የፀጉር አያያዝስ ምን ያህል ያስታግሰዋል?

ሹሩባ ቤት ቁጭ ብሎ «ውይ፣ ፎረፎርሽ በዝቷል እኮ» መባል ያሸማቅቃል። ብዙ ጊዜ እውነትም ፎረፎር ነው፤ ሻምፖ ሲቀየር ይሄዳል። የማይሄደው ግን ሌላ ነው። ታጥቦ ሁለት ቀን ሳይሞላው ይመለሳል። ይወፍራል። ከፀጉር መስመር አልፎ ግንባር፣ ጆሮ ጀርባና ማጅራት ላይ ብቅ ይላል። ሲላጥ ይደማል። እንዲህ ያለው የራስ ቆዳ ሶሪያሲስ ሊሆን ይችላል።

ሶሪያሲስ የሚታየው ቆዳ ላይ ነው እንጂ ነገሩ የሚጀምረው ከውስጥ ነው። በሽታ እንዲከላከልልን የተፈጠረው የሰውነታችን ሥርዓት ያለ ምንም ጠላት ይቆጣና ቆዳውን ያጣድፈዋል። ጤነኛ ቆዳ አዲስ ሴል ከታች አብቅሎ፣ ወደ ላይ አድርሶ እስኪያራግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል። ሶሪያሲስ የያዘው ቆዳ ይህን ሁሉ ከ3 እስከ 7 ባሉት ቀናት ይጨርሰዋል። ሴሉ ጊዜውን ሳይጨርስ ይወጣል። ሳይበስል ከምጣድ የወጣ እንጀራ ሲደራረብ እንደሚጣበቀው፣ እነዚህም ሴሎች መራገፍ ሲገባቸው ተጣብቀው ይከመራሉ። ቅርፊት የምንለው ያ ክምር ነው።

ከፎረፎር የሚለየውም በዚሁ ነው። ፎረፎር ቀጠን ያለ፣ ወዛም፣ ቢጫ የሚያደላው ብናኝ ነው፤ ከፀጉር መስመርም ብዙ ጊዜ አያልፍም። የሶሪያሲስ ቅርፊት ደረቅ፣ ወፍራምና እንደ ብር የሚያብለጨልጭ ነው፤ ዳር ድንበሩም በደንብ ይታያል። ሁለቱ ተደርበው የሚገኙበት ሰው ስላለ ሐኪምም ቢሆን አንዳንዴ ይቸገራል። ልጅ ላይ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ቆረቆርን መጠርጠር ነው። ቆረቆር ፈንገስ ነው፤ ይተላለፋል፤ ፀጉሩን እየሰበረ ክብ ክብ መላጣ ይተዋል፤ የሚድነውም በሚዋጥ መድኃኒት ነው። ለሶሪያሲስ የሚታዘዘውን ቅባት ቆረቆር ላይ መቀባት ማባባስ ነው። ስለዚህ «ጎረቤቴ ይሄን ተቀብታ ዳነች» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

አንድ ነገር ልጨምር። ኢንተርኔት ላይ ሶሪያሲስ ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣው ፎቶ አብዛኛው ነጭ ቆዳ ላይ ያለ ደማቅ ቀይ ንጣፍ ነው። የእኛ ቆዳ ላይ እንዲያ አይታይም። ወይን ጠጅ፣ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይመስላል፤ ሲድንም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ወይም ነጣ ያለ ምልክት ይተዋል። «ቀይ ስላልሆነ ሶሪያሲስ አይደለም» ብሎ መዝጋት ስህተት ነው።

በሽታው ብርቅ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሰዎች እንዳለባቸው ገልጿል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ የሚሆኑት ራሳቸው ላይም ይወጣባቸዋል። በዘር የመሄድ ነገር አለው፤ እናት ስላለባት ግን ልጅ የግድ ይይዛታል ማለት አይደለም። አይተላለፍም። በማበጠሪያ አይተላለፍም፣ በፎጣ አይተላለፍም፣ በመሳሳምም አይተላለፍም። የንጽሕና ጉድለትም አይደለም። ይህን ደግሜ የምለው ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ፍርሃቱ ደግሞ ሥር አለው። ሶሪያሲስ ለዘመናት ከሥጋ ደዌ ጋር ሲደባለቅ ኖሯል። ሁለቱ ለየቅል መሆናቸውን በግልጽ የለየው የቪየናው ሐኪም ፌርዲናንድ ፎን ሄብራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1841። እኛም ጋ ዛሬ ድረስ «ዘነበወርቅ ሂድ» ሲባል ፊቱ የሚለዋወጥ ሰው አለ። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሆስፒታል ለሥጋ ደዌ ሕክምና መቋቋሙ እውነት ነው። አሁን ግን ችፌውም፣ ቋቁቻውም፣ ሶሪያሲሱም የሚታይበት ትልቅ የቆዳ ሕክምና ቦታ ነው። ወሎ ላለ ሰው ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ዓመት ሙሉ በሻሽ ሸፍኖ ከመቀመጥ አንድ ቀን ተሰልፎ መታየት ይሻላል።

አሁን ወደ ፀጉሩ እንምጣ። የፀጉር አያያዝ ሶሪያሲስን አያድንም። በሽታው ከውስጥ ነው ብለናል። ግን ሁለት ነገር ይወስናል፦ መድኃኒቱ ቆዳው ጋ መድረስ አለመድረሱን፣ ቆዳው መቁሰል አለመቁሰሉን። ሁለተኛው ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ኮብነር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስተዋለው ነገር አለ። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ደህና የነበረ ቆዳው ሲቧጠጥ፣ ሲቃጠል ወይም ሲቆረጥ፣ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ እዚያው ቁስሉ ላይ አዲስ ሶሪያሲስ ይወጣል። ይህ ለራስ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በጥፍር መፎከት፣ ግንባር ድረስ የተወጠረ ሹሩባ፣ ቆዳ የነካ ፒያስትራ፣ ያቃጠለ ሪላክሰር፣ በምላጭ ጥርግ አድርጎ መላጨት፤ ሁሉም በሽታውን የሚጋብዙ ናቸው።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ቅርፊቱን መላጥ ነው። እጅ ሳያውቀው ይሄዳል። ቴሌቪዥን እያዩ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ስልክ እያወሩ። ቅርፊቱ ከሥሩ ሲነሳ ነጠብጣብ ደም ከታየ ቆዳው ገና አልለቀቀም ነበር ማለት ነው። ፀጉርም አብሮ ይነቀላል። ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥ ቀላልና ነፃ ሕክምና ነው።

ታዲያ ቅርፊቱ እንዴት ይነሳ? መጀመሪያ ማለስለስ ነው። ይህ የማታ ሥራ ነው፤ ቸኩላችሁ ከሆነ አትጀምሩት። የወይራ፣ የኮኮናት ወይም የሕፃናት ዘይት ትንሽ ለብ አድርጉ። ለብ ነው ያልኩት፤ ክንድ ላይ ጠብ ሲል ሙቀቱ እምብዛም የማይሰማ መሆን አለበት። ፀጉሩን በማበጠሪያ ጭራ እየከፈላችሁ፣ ዘይቱን በጣት ጫፍ መስመር በመስመር ቆዳው ላይ አሳርፉት። ፀጉሩ ላይ ማፍሰስ ጥቅም የለውም። ከዚያ የሻወር ቆብ ወይም የማይፈለግ ሻሽ አድርጎ መተኛት ነው። ትራሱ ላይ አሮጌ ፎጣ ብታነጥፉ ጠዋት ከመነጫነጭ ትድናላችሁ። ጠዋት ውኃ ከመንካታችሁ በፊት ሻምፖውን ደረቁ ፀጉር ላይ አድርጉና እሹት፤ ዘይቱን የሚያነሳው እንዲህ ሲሆን ነው። ቀድማችሁ ካረጠባችሁት ዘይቱ ፀጉሩ ላይ ተለድፎ ይቀራል። ከዚያ ለብ ባለ ውኃ ማጠብ። ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ ወስዳችሁ ቆዳው ላይ ጋደም አድርጉት፣ አታቁሙት። በትንሽ በትንሹ እያዞራችሁ የለቀቀውን ብቻ አንሱ። ያልለቀቀውን ለሚቀጥለው ተዉት።

ቅቤስ? ይህ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ቅቤ እንደማንኛውም ቅባት ቅርፊት ያለሰልሳል፤ ሲቀባ እፎይ የሚያሰኘውም ለዚህ ነው። ሶሪያሲሱን ግን አያክመውም። ችግሩ ቅቤው ሳይሆን አጠቃቀማችን ነው። ቅመም የገባበት ከሆነ የተቆጣ ቆዳ ያቃጥላል። ቀናት አናት ላይ ሲቆይ ደግሞ መድኃኒቱ እንዳያልፍ ይዘጋል። ፎረፎርም ከተደረበባችሁ ፎረፎሩን የሚያባብሰው እርሾ መሰል ፈንገስ የሚመገበው ቅባት ነው። መቀባት ካማራችሁ ንጹሑን፣ ማታ ተቀብታችሁ ጠዋት ታጠቡት። ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ግን ይቅርባችሁ። ቁስል ላይ ሎሚ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ ሐኪም አያስፈልግም።

ሹሩባ ክልክል አይደለም። እንዲያውም ጠቀሜታ አለው፤ በሹሩባው መሐል ያለው መስመር ለፈሳሽ መድኃኒት መንገድ ይከፍታል። ግን ላላ ተደርጎ ይሠራ። ሠሪዋን አስቀድማችሁ «ቆዳዬ ሶሪያሲስ አለበት፣ አይተላለፍም፣ ግንባር ጋ አታጥብቂው» በሏት። ከተሠራ በኋላ ራስ ምታት የሚያመጣ ሹሩባ ጠብቋል። ቆዳው በተሰነጠቀበትና በሚደማበት ሰሞን ሹሩባም፣ ሪላክሰርም፣ ቀለምም ይቆይ። ጥቁር ሂና ተብሎ የሚሸጠውም ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው፤ «ተፈጥሯዊ» የሚለውን ጽሑፍ አትመኑ። ካስክ የግድ ከሆነ ሙቀቱ ይቀነስ፤ ሙቀት ማሳከኩን ይቀሰቅሰዋል። ለወንዶች ቶንዶስ ከምላጭ ይሻላል። ፀጉር ማሳጠር መድኃኒት ለመቀባት ይመቻል እንጂ የግድ አይደለም።

ፀጉሬ ያልቃል ብለው ለሚጨነቁ፦ በሶሪያሲስ ሰበብ የሚረግፍ ፀጉር አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ፀጉሩን የሚያሳጣው ከበሽታው ይልቅ መፎከቱና መላጡ ነው።

መድኃኒቱን በተመለከተ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሰው ሻምፖውን ፀጉሩ ላይ አረፋ አድርጎ ወዲያው ያጥበዋል። ፀጉር ሶሪያሲስ የለበትም! ቆዳው ነው ያለበት። ሳሊሲሊክ አሲድ ያለው ሻምፖ ቅርፊት ያነሳል። ኮል ታር (ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ዝፍት) ያለው የሴሉን ጥድፊያ ያረግባል፤ ሽታው ግን ደስ አይልም፣ ነጣ ያለ ፀጉርንም ያቀልማል። ሁለቱም ከመታጠባቸው በፊት ቆዳው ላይ ደቂቃዎች መቆየት አለባቸው። ሐኪም የሚያዘው ክሎቤታሶል ሻምፖ ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል። በደረቅ ራስ ቆዳ ላይ ይቀባል፣ 15 ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ነው ውኃ ጨምሮ አረፋ አድርጎ መታጠብ። በተከታታይ ከ4 ሳምንት በላይ አይወሰድም። ካልሲፖትሪዮል የሚባለው መድኃኒት ከታዘዘላችሁ ከሳሊሲሊክ አሲድ ጋር አንድ ላይ አትጠቀሙት፤ አሲዱ ያከሽፈዋል።

ፋርማሲ ስትሄዱ ወፍራም ቅባት ከሰጧችሁ ፈሳሽ፣ ጄል ወይም አረፋ መኖሩን ጠይቁ። ወፍራሙ ፀጉር ላይ ተለድፎ ይቀራል። በየቀኑ መታጠብ ፀጉር ያደርቃል፤ የኛ ዓይነት ጠጉር ያላት ሴት በየቀኑ ታጠቢ ብትባል አትታጠብም፣ እውነቷን ነው። ይህን ለሐኪሙ ንገሩት። በዘይት ተበጥብጦ የሚመጣ ማታ የሚቀባ መድኃኒት አለ፤ ሻምፖውንም በሳምንት አንድ ጊዜ ከፀጉር እጥበት ጋር ማስኬድ ይቻላል። አውሮፓና አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ክረምት ላይ ብርዱና የቤት ማሞቂያው ቆዳ ስለሚያደርቁ ቢብስባችሁ አትገረሙ።

ከገበያ ያለ ማዘዣ የሚገዙ «ማስታገሻ» ክሬሞች ውስጥ ኃይለኛ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ያለባቸው አሉ። መጀመሪያ ተአምር ይመስላሉ። ለረጅም ጊዜ ሲቀቡ ቆዳ ያሳሳሉ። የስቴሮይድ ክኒን ወይም መርፌ ወስዶ በድንገት ማቆም ደግሞ ሶሪያሲሱን ከበፊቱ አብሶ ሊያስነሳው ይችላል። ጠበል የምትጠመቁም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

በሽታው ፋታ ሰጥቶ የሚቀሰቀስበት ምክንያት አለው። ጭንቀት አንዱ ነው። የጉሮሮ ቁስለት፣ ሲጋራና አልኮልም አሉበት። አንዳንድ መድኃኒቶችም ያባብሱታል፦ ለደም ግፊት የሚሰጡ ቤታ ብሎከሮች፣ ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየም፣ ለቪቫክስ ወባ የሚሰጠው ክሎሮኪን። በራሳችሁ አታቁሟቸው፤ ለሐኪሙ ግን ሶሪያሲስ እንዳለባችሁ ተናገሩ። ሻምፖና ቅባት ካልበቁ ሜቶትሬክሴትን የመሳሰሉ ከውስጥ የሚሠሩ መድኃኒቶች አሉ። ሜቶትሬክሴት ለሶሪያሲስ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው፤ በየቀኑ መዋጥ ለሕይወት ያሰጋል። እርጉዝ ሴት ፈጽሞ አትወስደውም።

ራስን ብቻ እያዩ ጣትን መርሳትም የተለመደ ነው። ጥፍራችሁ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካሉ፣ ጥፍሩ ከሥጋው ከለቀቀ፣ ጠዋት ስትነሱ መገጣጠሚያችሁ ለግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ አልንቀሳቀስ ካላችሁ፣ ወይም አንድ ጣት ሙሉ በሙሉ ካበጠ፣ ሶሪያሲሱ ወደ መገጣጠሚያ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ራሳቸው ላይ የወጣባቸው ሰዎች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። የተጎዳ መገጣጠሚያ ወደ ነበረበት ስለማይመለስ እነዚህን ምልክቶች ያየ ሰው ሻምፖ መለዋወጡን ትቶ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ይሂድ።