ያለ መኪና፣ ለብቻ፣ ከአዲስ አበባ ደርሶ መልስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«መኪና ከሌለህ ወይ ኮንትራት ያዝ፣ ወይ ሰው ሰብስብ።» ይህ ምክር ስንቱን ቤቱ አስቀርቶታል! ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፣ መልካ ቁንጥሬ 50 ገደማ፣ ጢያ 90 ገደማ፣ አዳማ 100 ገደማ። ሁሉም ጠዋት ተወጥቶ ማታ የሚገባባቸው ናቸው። ለብቻ መሄድማ እንዲያውም ይቀላል። ሚኒባስ የሚነሳው ሲሞላ ነው፤ ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ የቀረው!» ሲል ዘው የሚለው ብቻውን የመጣ ነው። ሦስት ሆነው የመጡት ቀጣዩ እስኪሞላ ይቀመጣሉ።

«የክፍለ አገር መኪና ሁሉ ከአውቶቡስ ተራ ነው የሚነሳው።» አይደለም። ለአጭር መንገድ መነሻው እንደ አቅጣጫው ነው፦ ለቢሾፍቱና ለአዳማ ቃሊቲ፣ ለሆለታና ለአምቦ አስኮ፣ ለደብረ ብርሃን ላምበረት፣ ለወሊሶና ለቡታጅራ አየር ጤና። መርካቶ ድረስ ሄዶ መመለስ ጠዋቱን መብላት ነው።

«የአዳማ መኪና ቢሾፍቱ ላይ ይጥለኛል።» በፍጥነት መንገዱ የሚሄደው ከተማዋ ውስጥ አይገባም። ሳትሳፈሩ «በአሮጌው ነው?» ብላችሁ ረዳቱን ጠይቁ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የቢሾፍቱን መኪና መያዝ ነው።

«ማለዳ ከወጣሁ መመለሱ አያሳስብም።» ሰውን መንገድ ዳር የሚያስመሸው ይህ ነው፤ ስንት ጊዜ ቢነገርም የሚሰማ የለም። ማለዳ መውጣት መድረሻችሁን እንጂ መመለሻችሁን አያረጋግጥም። ለመመለስ የሚያስፈልገው ባዶ ወንበር ነው፣ ባዶ ወንበር ያለው ደግሞ መኪና ከሚነሳበት ከተማ ነው። ጢያ በቡታጅራ መንገድ ላይ ያለች መተላለፊያ ናት፤ ከቡታጅራ የሚመጣው ሚኒባስ ሞልቶ ነው የሚያልፋት። እጅ እያወጡ አንድ ሰዓት መቆም እዚያ ብርቅ አይደለም።

ስለዚህ ቀኑን ከማታ ወደ ጠዋት ቁጠሩት። አዲስ አበባ ላይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ይጨልማል፤ ከመናኸሪያ ቤት ለመድረስም የከተማ ታክሲ ሰልፍ አለ። እንግዲህ ለምሳሌ ጢያ ሄዳችሁ ከሆነ እስከ 11 ሰዓት አየር ጤና መውረድ አለባችሁ። ሩቁን አስቀድሙ፣ ቅርቡን ለመመለሻ አስቀሩ። ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያ፣ መኪናው ሞልቶ 1 ሰዓት ቢነሳ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ጢያ። 36ቱን ትክል ድንጋዮች (32ቱ የተቀረጹ ናቸው) ለማየት አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። 5 ሰዓት ላይ መንገድ ዳር ቁሙ፣ እስከ አንድ ሰዓት መጠበቁንም አስቡበት። ከዚያ መልካ ቁንጥሬ ወርዳችሁ ሙዚየሙንና የቁፋሮ ቦታውን አይታችሁ፣ ከ8 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ ተነሱ። ጢያ ላይ መኪና እንቢ ካለ ወደ ቡኢ ወይም ወደ ቡታጅራ የሚሄደውን ያዙ። ወደ ኋላ መሄድ ይመስላል፤ ነገር ግን ከመነሻው ተሳፍሮ ወንበር ይዞ መመለስ መንገድ ላይ ከመለመን ይፈጥናል። ይህ የሚሠራው ግን ጊዜ ሳለ ነው። ከረፈደባችሁ መልካ ቁንጥሬን ትታችሁ በቀጥታ ግቡ።

የትም ብትወርዱ የመጀመሪያው ሥራ «ወደ አዲስ አበባ የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት ያልፋል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ፌርማታው ላይ ሻይ የምትሸጠዋን ጠይቁ፣ ቀጥሎ ባጃጅ ነጂውን። መልሳቸው ከተለያየ ቀደም ያለውን ያዙ። እሁድ ማታና የበዓል ማግስት ከቢሾፍቱና ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ያለው ሰልፍ ረጅም ነው፤ በእነዚህ ቀናት 9 ሰዓት ላይ ተነሱ።

«ወንጪ ሐይቅም በአንድ ቀን ይደረሳል።» መኪና ላለው አዎ። አምቦ ወይም ወሊሶ ደርሶ መኪና ለሚቀይር ግን ሐይቁ አፍ ላይ ደርሶ ወዲያው መዞር ይሆናል። አንድ ሌሊት እደሩ።

«ለቅርብ መንገድ መታወቂያ ምን ያደርጋል?» ኬላ ላይ ተሳፋሪ ወርዶ ይፈተሻል። መታወቂያ የሌለው ሰው መኪናውን ሁሉ ያስቆማል።

«ቴሌብር አለኝ።» ኔትወርክ ሲጠፋ የባጃጅ ሒሳብ በምን ይከፈላል? ባለ 10 እና ባለ 50 ብር ዘርዝራችሁ ያዙ።

«ባለፈው ወር መንገዱ ሰላም ነበር።» ያለፈው ወር የዛሬ ማስረጃ አይሆንም። ደብረ ሊባኖስን ያሰበ ሰው በዋዜማው ጎጃም መስመር የሚሠራ ሾፌር ይጠይቅ። ሾፌሩ ካመነታ ቀኑን ለቢሾፍቱ አውሉት፤ ከመናኸሪያው ባቦጋያ ሐይቅ ድረስ በባጃጅ ይደረሳል።