ተአቅቦ ምንድን ነው? ድምፀ ተአቅቦ አይደለም!

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ነበር። እንግዳው ስለ ሴቶች መብት ስምምነቶች እያወራ፣ «ብዙ የአፍሪካና የዓረብ አገሮች ተአቅቦ አድርገዋል፤ የምዕራባውያኑን ነገር አንቀበልም ብለዋል» አለ። ጋዜጠኛው ደግሞ «ድምፅ አልሰጡም ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀው። «በትክክል!» መውረጃዬ ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ልል ምንም አልቀረኝ።

ይህን ስሕተት ስሰማ የመጀመሪያዬ አይደለም። ዩኒቨርሲቲ የጨረሱ ሰዎችም ጽፈውት አንብቤአለሁ። ጥፋቱ በከፊል የቃሉ ነው። ተአቅቦ ከግዕዙ «ዐቀበ» የመጣ ነው፤ ጠበቀ ማለት ነው። ዐቃቤ ሕግም ማዕቀብም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ስብሰባ ላይ ደግፎም ተቃውሞም እጁን ያላወጣ ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ እንላለን። ስምምነት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አገሩ ገብቷል። «እዚህች አንቀጽ ላይ ግን አትያዙኝ» ብሎ ነው የገባው። ያልገባ አገር ተአቅቦ ሊኖረው አይችልም። አሜሪካ ሴዳው (CEDAW) የሚባለውን የተባበሩት መንግሥታት የሴቶች መብት ስምምነት በ1980 ፈርማ እስከ ዛሬ ስላላጸደቀች አልገባችም። ሳውዲ ዓረቢያ ግን በ2000 ገብታለች። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) በሬዲዮው እንግዳ ስሌት ሄደን «እምቢ» ያለውን ብንፈልግ፣ የምናገኘው ዋሽንግተንን ነው።

እድር እንውሰድ። አዲስ ሰፈር ገብታችሁ ልትመዘገቡ ሄዳችሁ። ደንቡ ተነበበላችሁ። «ሁሉንም እቀበላለሁ፤ መዋጮዬን እከፍላለሁ፣ ለቅሶ እደርሳለሁ። ድንኳን ተከላ ግን ወገቤን ስለሚያመኝ ይለፈኝ» አላችሁ። ጸሐፊው መዝገቡ ላይ አሰፈረው። ተአቅቦ ይኸው ነው። አባል ናችሁ። ድንኳን አትተክሉም።

ታዲያ ኢትዮጵያስ? ሴዳውን ያጸደቀችው በ1981 ነው። ተአቅቦ ያደረገችው በአንድ ቦታ ብቻ፣ በአንቀጽ 29 ንዑስ አንቀጽ 1 ላይ ነው። «ባህላችንን ለመጠበቅ ነው» የሚሉ አሉ። አንቀጹን ያነበበ ሰው እንዲህ አይልም፤ እዚያ ውስጥ ስለ ትዳርም ስለ ውርስም አንድ ቃል የለም። ሁለት አገሮች በስምምነቱ አተረጓጎም ከተጣሉና በድርድር ካልተስማሙ ወደ ግልግል፣ ከዚያም ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል የሚል ነው። በእድር ቋንቋ «ብንጣላ ፍርድ ቤት አትጎትቱኝ» እንደማለት። ህንድም ቻይናም እዚሁ አንቀጽ ላይ ተአቅቦ አላቸው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ልምጣ። ተአቅቦ የድሃ አገሮች፣ የ«ባህል አጥባቂዎች» ነገር ተደርጎ ይወራል። እንግሊዝ በ1986 ሴዳውን ስታጸድቅ ከዘረዘረቻቸው ነገሮች መካከል የዙፋን ውርስና የመኳንንት ማዕረግ ነበሩበት፤ እነዚህን ስምምነቱ አይነካብኝም ብላለች። ስፔንም ስለ ዘውዷ ተመሳሳይ መግለጫ አስገብታለች። የቀድሞዋ የእንግሊዝ ጥገኛ ግዛት ሌሶቶ በ1995 ስትገባ ያለችው ይኸንኑ ነው፤ የዙፋንና የባላባትነት ውርስ አይነካብኝ። የለንደኑ «ሕገ መንግሥታዊ ትውፊት» ይባላል፤ የሌሶቶው «ኋላ ቀር ባህል»። እድሩን ከመሠረቱት አንዱ «ሊቀመንበርነቱ ለወንድ ልጄ ይቆይልኝ» ሲል ዝም ያለ ሰው፣ አዲስ ገቢው ሲደግመው ለምን ይጮሃል?

ይህን ስል ግን ሁሉም ተአቅቦ እኩል ነው እያልኩ አይደለም። አንድ አንቀጽ ቆጥሮ የሚያወጣ አለ፤ ጅምላም አለ። ሳውዲ ዓረቢያ ያስገባችው፣ ስምምነቱ ከእስልምና ሕግ ጋር ከተጋጨ የሚጋጨውን ቃል ለማክበር አልገደድም የሚል ነው። እድርተኛው «ደንባችሁን በሙሉ እቀበላለሁ፤ ከቤቴ ሥርዓት ጋር ከተጋጨ ግን የቤቴ ይበልጣል» አለ እንበል። ጸሐፊው ምን ብሎ ይጻፈው? የትኛው አንቀጽ እንደወጣ ማንም አያውቅም። ሴዳው ራሱ በአንቀጽ 28 ከስምምነቱ ዓላማ ጋር የሚቃረን ተአቅቦ አይፈቀድም ይላል። ግን ተቃረነ አልተቃረነ ብሎ የሚወስነው ማነው? ስዊድንን የመሳሰሉ አገሮች የተቃውሞ ደብዳቤ ጻፉ። እዚያው ደብዳቤ ላይ ግን ስምምነቱ በእኛና በሳውዲ መካከል የጸና ነው ብለው ጨረሱ። «አንቀበልህም፤ ግባና ቡና ጠጣ» ዓይነት ነው።

እዚህ ጋ እድሬ ይሰበራል፤ አውቄ ነው እስካሁን የጎተትኩት። እድር ላይ ለቅሶ ያልደረሰ ሰው የራሱ ቤት ሐዘን ሲገባ ወንበሩ ባዶ ይሆናል። አብዛኛው ስምምነትም እንዲህ ነው። አንቺ ቀረጥ ካልቀነስሽልኝ እኔም አልቀንስልሽም። የሰብዓዊ መብት ስምምነት ላይ ግን ይህ ብድር መላሽነት አይሠራም። ሪያድ ተአቅቦ ስላደረገች ስቶክሆልም የስዊድን ሴቶችን መብት አትቀንስም። ድንኳኑ ሳይተከል ሲቀር ዝናብ የሚመታት የዚያው አባወራ ቤት ያለችው ሴት ናት። ስትመዘገቡ ደግሞ ማንም አልጠየቃትም።

«የምዕራባውያን ነገር» ለሚለውስ ምን ይባላል? የማፑቶ ፕሮቶኮል አለ። አፍሪካውያን በአፍሪካ ኅብረት በ2003 የተቀበሉት የሴቶች መብት ሰነድ ነው፤ ከ2005 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። በአንዳንድ ጉዳይ ከሴዳው ይገፋል፤ ፅንስ ማቋረጥን በስም ጠርቶ በተወሰኑ ሁኔታዎች እንዲፈቀድ ይጠይቃል። ኬንያና ኡጋንዳ በ2010 ሲያጸድቁ ይህችን አንቀጽ፣ 14 ንዑስ 2 ፊደል «ሐ»ን፣ አይመለከተንም አሉ። ኢትዮጵያም በ2018 ያጸደቀችው ከነተአቅቦውና ከነመግለጫው ነው። እዚህ ሰነድ ውስጥ ፈረንጅ የለም። ክርክሩ አፍሪካ ውስጥ፣ በአፍሪካውያን መካከል ነው።

ስለ ማፑቶ ካነሳሁ ደቡብ አፍሪካን ሳልጠቅስ አላልፍም። ፕሮቶኮሉ የሞት ቅጣት ባለባቸው አገሮች ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ላይ አይፈጸም ይላል። ደቡብ አፍሪካ እዚህ ላይ ተአቅቦ አደረገች። ለምን? የሞት ቅጣትን ከነአካቴው ስላስቀረች፣ ይኖራል ብሎ የሚነሳ ሐረግ ላይ መፈረም ስላልፈለገች። ተአቅቦ ሁሉ ወደኋላ መጎተት ነው ለሚል ሰው ይህቺን አንዷን እነግረዋለሁ።

«ባህላችን» የሚለውም ቢሆን ታሪኩ መታየት አለበት። ህንድ በ1993 ሴዳውን ስታጸድቅ፣ ማኅበረሰቡ ራሱ ካላነሳና ካልፈቀደ በስተቀር በግል ጉዳዩ ጣልቃ አልገባም የሚል መግለጫ አያይዛለች። ጋብቻንና ውርስን ለየሃይማኖቱ መተው ከጥንት የወረደ ይመስላል። ነገር ግን በ1772 የእንግሊዙ አስተዳዳሪ ዋረን ሄስቲንግስ፣ ሂንዱው በሻስትራው (በሃይማኖቱ የሕግ መጻሕፍት)፣ ሙስሊሙ በቁርዓኑ ይዳኝ ብሎ ፍርድ ቤቶቹን አደራጅቷል። ከየቦታው የተለያየው ልማድ መዝገብ ላይ ሲሰፍር ደረቀ። ዛሬ ከውጭ ጫና ይጠበቅ የሚባለው ሥርዓት፣ ቅርጹን በከፊል ያገኘው ከውጭ ሰው እጅ ነው። ሃይማኖቱ የፈረንጅ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ የምናገረው ስለ ፍርድ ቤቱ መዝገብ ነው።

ተአቅቦ ይነሳል ወይ? ይነሳል። ኩዌት በ1994 ስትገባ ሴቶች በእኩልነት ይምረጡ የሚለው ላይ ተአቅቦ ነበራት። በግንቦት 2005 ፓርላማው ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ተአቅቦውን አነሳች። መጀመሪያ ሕጉ፣ ቀጥሎ ወረቀቱ።

ቱኒዚያ ደግሞ በተቃራኒው ሄደች። ከአብዮቱ በኋላ ዝርዝር ተአቅቦዎቿን አነሳች፤ በ2014 ለተባበሩት መንግሥታት በይፋ አሳወቀች። ጠቅላላ መግለጫዋን ግን አላነሳችም። በ2018 ፕሬዚዳንት ኤሴብሲ የወንድና የሴት ልጅ ውርስ እኩል ይሁን የሚል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ፤ ሳይጸድቅ እሳቸው በ2019 አረፉ። ጸሐፊው ተአቅቦውን ከመዝገቡ ሰርዞታል፤ ድንኳን ሲተከል ግን ሰውዬው አሁንም አልመጣም።