«ፈቅዳ አይደል የሄደችው?»

ባለፈው ጅማ መናኸሪያ አንዲት ልጅ ፌስታሏን አቅፋ የአዲስ አበባ መኪና ስትጠብቅ አየሁ። ፓስፖርቷ ግን ደላላው ኪስ ውስጥ ነበር። አጠገቤ የነበሩ እናት «ምን ይደረግ፣ ፈቅዳ ነው» አሉ። አንጀቴን በላችኝ።

«በሰው መነገድ» እና «ሰውን ድንበር ማሻገር» በወሬ አንድ ናቸው፤ በሕግ ግን ይለያያሉ። አሻጋሪ ገንዘቡን ተቀብሎ በሕገወጥ መንገድ ድንበር ያሳልፋል። በሰው የሚነግድ ግን የሚፈልገው ጉልበቷን ወይም ገላዋን መበዝበዝ ነው። ድንበር መሻገር እንኳ ግድ አይደለም፤ ከገጠር ወደ ከተማም ይሆናል። የእኛ አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ሁለቱንም ይቀጣል።

ፈቃዱስ? እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው፣ በሰው መነገድን የሚከለክለው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል፣ ቁርጡን ይናገራል። ለመበዝበዝ ብሎ ያታለላት፣ ያስፈራራት ወይም ችግሯን መጠቀሚያ ያደረገ ሰው «እሺ ብላ ነው» ብሎ አያመልጥም። ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ማታለሉን ማስረዳትም አያስፈልግም።

አገሮች የሚተባበሩት በዚሁ ፕሮቶኮል ነው። የተበደለች ዜጋ ስትመለስ አገሯ ያለ በቂ ምክንያት ሳታዘገይ መቀበል አለባት። ፓስፖርቷ ሰው እጅ ከቀረም፣ ያለችበት አገር ሲጠይቅ የራሷ አገር መግቢያ የጉዞ ሰነድ ትሰጣታለች።