«በሊትር ስንት ይሄዳል?» ማለት ምን ማለት ነው? ፒካፕ ለያዛችሁ የድሬና የሐረር ሰዎች

ፒካፕ ገዝተህ ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ስር ካቆምክ መጀመሪያ ሚመጣብህ ጥያቄ «አቦ ይሄ ነገር በሊትር ስንት ይሄድልሃል?» ነው። ከዛ አንዱ 8 ይላል፣ አንዱ 12፣ ሌላው ደሞ 14 ብሎ ይምላል፣ ሁሉም ያላቸው ያው ቶዮታ ሃይሉክስ ባለ ዲ ፎር ዲ ናፍጣ ሞተር ሆኖ እያለ። እኔ ብዙዎቹ እውነታቸውን ነው እላለሁ፣ ግን በየት መንገድ፣ ምን ጭነው፣ እንዴት እንደለኩት ስለማይነግሩህ ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይጠቅምህም።

ትርጉሙ ቀላል ነው፣ በአንድ ሊትር ናፍጣ የተሄደ ኪሎሜትር ማለት ነው በቃ። ችግሩ አዳዲሶቹ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ ገልብጠው ነው ሚያሳዩት፣ 100 ኪሎሜትር ለመሄድ ስንት ሊትር እንደጠጣ። ስለዚህ 9.5 ካለህ 100ን ለ9.5 አካፍል፣ በሊትር 10.5 ገደማ ነው። 8 ካለህ ደሞ 12.5። ይሄን አምታቶ በ8 የሚያዝን ሰው አይቻለሁ፣ መኪናው እኮ ጎበዝ ነበር።

አለካኩ ሙሉ ከሙሉ ነው። ሰልባትዮውን (የነዳጅ ታንከሩን) የማደያው መቅጃ ራሱ ቀጭ ብሎ እስኪቆም ሙላ፣ ቆጣሪውን ዜሮ አድርግ፣ ሰርተህበት ስትመለስ እዛው ማደያ እንደዛው ሙላ። ለምሳሌ 431 ኪሎሜትር ሄደህ 43.5 ሊትር ከገባ በሊትር 9.9 ነው። የገባው ሊትር ስንት እንደነበር ከረሳህ በስልክ የከፈልክበት መልእክት አለ አይደል፣ ብሩን ለሊትሩ ዋጋ ማካፈል ነው። አንዴ ለክተህ ግን እንዳታወራ፣ ቢያንስ ሶስት አራት ጊዜ ለካ። እኔ ደብተር መያዝ የጀመርኩት ታህሳስ 2017 ናፍጣ 98 ብር ከ98 ሳንቲም የገባ ጊዜ ነው፣ ከዛ በፊት በግምት ነበር ምነዳው።

አሁን ከድሬ ወደ ሐሮማያና ሐረር ወደሚያወጣው አቀበት፣ ወደ ደንገጎ እንምጣ፣ የኛ አገር የነዳጅ ወሬ ሁሉ እዛ ነው ሚበላሸው። ድሬ ከባህር ጠለል ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሐሮማያ ወደ 2,000። ሁለት ቶን የምትመዝን ፒካፕ እነዛን 800 ሜትር ስትወጣ፣ ሞተሩ ከናፍጣው ጉልበት ጎማ ጋር ሚያደርሰው ሲሶውን ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ለሽቅቡ ብቻ ተጨማሪ አንድ ሊትር ከሩብ ገደማ ትበላለች፣ ሜዳውን ለመሄድ ከምትፈልገው ውጪ ማለት ነው። ከኋላ አንድ ቶን ከጫንክባት ደሞ ወደ 2 ሊትር ይጠጋል። ስለዚህ ከድሬ ሐረር ብቻ የለካ ሰው «ይቺ መኪና ጠጪ ናት» ይልሃል፣ ከሐረር ወደ ድሬ ሲወርድ የለካው ደሞ 14 ብሎ ይምልልሃል፣ ሁለቱም አልዋሹም። ደርሶ መልስ ካልለካህ ቁጥሩ የመኪናህ አይደለም፣ የደንገጎ ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ደሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ፎሌ (ማርሹን ነጻ) ሚያደርግ ሰው አለ፣ እባካችሁ ተዉት። ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ካነሳህ ሞተሩን ጎማው ነው ሚያዞረው፣ እንደ ዲ ፎር ዲ ያለው ሞተር ናፍጣውን ጭራሽ ይዘጋዋል። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ሲል ይጠጣል፣ ከዛ በላይ ደሞ የመኪናው ክብደት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል፣ ፍሬን ግሎ እምቢ ሲል ደንገጎ ላይ ምን እንደሚመጣ የድሬ ሰው ያውቃል።

የድሮዎቹ ቱርቦ የሌላቸው፣ እንደ ፋይቭ ኤል ያሉት ሞተሮች፣ ሽቅቡ ላይ ጥቁር ጭስ ሚያወጡት ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ነው። የናፍጣ ፖምፓው ያንኑ ናፍጣ ይሰጣል፣ አየሩ ግን አይበቃውም፣ ያልነደደው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ቱርቦ ያለው አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ብዙም አይሰማውም።

እኔን ያስተማረኝ ግን ቴርሞስታት ነው። ባለፈው አመት መኪናዬ ትንሽ ስትሞቅ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፣ «የድሬ ሙቀት ነው» ተባልኩና ቴርሞስታቱን አውጥተው ጣሉት። ሙቀቱ ወረደ፣ ደስ አለኝ። ከሁለት ወር በኋላ ደብተሩን ሳየው ያው መንገድ ያው ጭነት ሆኖ ከ9.9 ወደ 8.7 ወርዷል። ቴርሞስታት ስራው ውሃው ወደ 80 ዲግሪ እስኪደርስ ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ዘግቶ መያዝ ነው፣ ከሌለ ሞተሩ ሐሮማያ ጠዋት ብርድ ላይ ቶሎ አይሞቅም፣ ቀዝቃዛ ሞተር ደሞ ብዙ ናፍጣ ይፈልጋል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ይበላል። ለካ ያሞቃት የነበረው የራዲያተሩ ክንፍ በአሸዋና በአቧራ መደፈኑ ነበር። ራዲያተሩ ታጠበ፣ አዲስ ቴርሞስታት ገባ፣ 9.8 ተመለሰች። ለዛ ነው ይሄ ቁጥር ስለ ኪስ ብቻ አይደለም ምለው፣ መኪናዋ ከመታመሟ በፊት ሚነግርህ እሱ ነው። የአየር ፊልትሮ ሲደፈን፣ ናፍጣ የሚረጨው ኖዝል ሲያንጠባጥብ፣ አንዱ ጎማ ላይ ፍሬኑ ይዞ ሲቀር፣ ድምፅ ሳይሰማ በፊት ደብተሩ ላይ ይታያል።

አንድ ማሳሳቻ አለ፣ ጎማ። ከ265/65 አር 17 ወደ 265/70 አር 17 የቀየረ ሰው የጎማው ዙሪያ በ3.4 ፐርሰንት ስለሰፋ ቆጣሪው እውነት ከሄደው ያነሰ ኪሎሜትር ነው ሚጽፍለት፣ መኪናዋ ከእውነቱ በላይ የጠጣች ትመስለዋለች።

ያገለገለ ልትገዛ ከሆነ ሻጩን በሊትር ስንት ብለህ አትድከም፣ ደብተር ከሌለው መልሱ ግምት ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ በፊት ሂድ፣ አስነሳው፣ ከዛ ደንገጎን ይዘኸው ውጣና ከኋላ ሌላ መኪና ውስጥ ሰው አስቀምጠህ ጭሱን አሳይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ ሞተሩ ሞቆም ነጭ ጭሱ ካላቆመ ናፍጣው በደንብ እየነደደ አይደለም ወይ ውሃ እየገባ ነው፣ እሱ ደሞ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ሊሆን ይችላል። ቱርቦ ያለው ሆኖ ጥቁር ካወጣ ፊልትሮውን፣ ኖዝሉንና ቱርቦውን ሳታሳይ ብር አትክፈል።