የልዕለ ጀግኖች ሌጌዎን

የልዕለ ጀግኖች ሌጌዎን ዲሲ የተባለው የአሜሪካ ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር ታሪክ) አሳታሚ ከ1958 ጀምሮ ያወጣው የጀግኖች ቡድን ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የአማርኛ አንባቢ ሌጌዎን የሚለውን ቃል የሚያውቀው ከማርቆስ ወንጌል፣ በመቃብር መካከል ይኖር በነበረው ሰው ላይ ያደሩት አጋንንት ስም ሆኖ ነው። እዚህ ግን ሌጌዎን ከየፕላኔቱ ተሰባስበው፣ ምድር ላይ ቤት ይዘው፣ ደንብ አውጥተው ክፉን የሚዋጉ የሠላሳኛው ክፍለ ዘመን ታዳጊዎች ማኅበር ነው። ቤታቸው ቢጫ ነው፤ በአፍንጫዋ ተተክላ የቀረች ሮኬት ይመስላል።

የመጀመሪያው ታሪክ የወጣው በኤፕሪል 1958 ነው፤ ደራሲው ኦቶ ባይንደር፣ ሠዓሊው አል ፕላስቲኖ። ኮስሚክ ቦይ፣ ሳተርን ገርልና ላይትኒንግ ቦይ የተባሉ ሦስት ወጣቶች በጊዜ ወደ ኋላ ተጉዘው ገና ልጅ የነበረውን ሱፐርማን፣ ሱፐርቦይን፣ በማኅበራቸው አባል እንዲሆን ይጋብዙታል። ፈተና ይሰጡታል፤ በየፈተናው መሐል ሌላ አደጋ ይፈጠርና እሱን ሊያድን ሲሮጥ ይሸነፋል፤ ይስቁበታል። ልቡ ከተሰበረ በኋላ ነው ነገሩ ሁሉ ሆነ ተብሎ የተደረገ የመግቢያ ፈተና መሆኑን የሚነግሩት። ታሪኩ ለአንድ ጊዜ ብቻ የታሰበ ነበር። አንባቢዎች ግን በደብዳቤ እየወተወቱ መለሷቸው፤ በ1962 ቋሚ ገጽ አገኙ።

የማኅበሩ አንዱ ደንብ እያንዳንዱ አባል ሌላው የሌለው ቢያንስ አንድ ችሎታ እንዲኖረው ያስገድዳል። የዚህ ኮሚክ ሳቅ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ደንብ ይመስለኛል። መብረሩ፣ ጉልበቱ፣ መብረቁ ቀድሞ ተይዟል፤ ስለዚህ ደራሲዎቹ በየወሩ አዲስ ነገር መፍጠር ነበረባቸው። ባውንሲንግ ቦይ፣ ማለትም ነጣሪው ልጅ፣ ተላላኪ ነበር። አንድ ሳይንቲስት የሠራውን ፈሳሽ እንዲያደርስ ተልኮ ሳለ የሮቦቶች ግጥሚያ ለማየት ይቆማል፣ ፈሳሹን ለስላሳ መጠጥ መስሎት ይጠጣዋል፣ እንደ ኳስ ተነፍቶ መንጠር ይጀምራል። ሌጌዎኑ መጀመሪያ አልተቀበለውም። በኋላ ግን በኤሌክትሪክ የሚያጠቃ ሌባ ሲመጣ፣ ሲነጥር እግሩ መሬት ስለማይነካ ኤሌክትሪኩ ሳይጎዳው ሌባውን የረታው ይኸው ልጅ ነው።

ማተር-ኢተር ላድ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይበላል፦ ብረት፣ ድንጋይ፣ የእስር ቤት ግድግዳ። የመጣባት ፕላኔት ቢስሞል ናት፤ እዚያ ምግቡ ሁሉ በተህዋስያን ስለተበከለ ሕዝቡ ማንኛውንም ነገር መብላት ለምዷል። የፈጠረው ከሱፐርማን ሁለት ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጄሪ ሲግል ነው። ይህን ልጅ እንደ ቀልድ ብቻ ማየት አይገባም። ሌሎቹ ሊያጠፉት ያልቻሉትን አደገኛ ማሽን በልቶ ጓደኞቹን ያዳነ፣ በዚያም ምክንያት አእምሮው የታወከ እሱ ነው።

ደግሞም ሞት ነበረ፤ በዚያ ዘመን የልጆች ኮሚክ ይህ ብርቅ ነው። ስሙ በኋላ ላይትኒንግ ላድ የሆነው መሥራች በ1963 መጀመሪያ ሞተ። በዚያው ዓመት ወደ ሕይወት ሲመለስ ግን በምትኩ ሌላ ነፍስ መጥፋት ነበረባት፤ የሞተችለትም የአንድ አባል ለማዳ እንስሳ፣ የሳተርን ገርልን መልክ ለብሳ ነው።

በ1966 የሌጌዎኑን ታሪክ መጻፍ የጀመረው ጂም ሹተር የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ፒትስበርግ ከተማ የሚኖረው ቤተሰቡ ገንዘብ ስለቸገረው ጽፎ ላከ፤ አዘጋጁ ሞርት ዋይሲንገር የሚያነጋግረው ከልጅ ጋር መሆኑን ያወቀው በኋላ ነው። ሹተር የፈጠረው ፌሮ ላድ ፀሐይን የሚውጠውን ፍጡር ለማጥፋት ቦምብ ተሸክሞ ገብቶ ቀረ። ይህ ሲታተም ደራሲው 15 ዓመቱ ነበር፤ ታሪኩም የልጅ ድፍረት አለው። ሹተር ጭምብል የለበሰውን ፌሮ ላድን ጥቁር ሊያደርገው አስቦ አዘጋጁ አልፈቀደም። በ1976 ታይሮክ የተባለ ጥቁር ጀግና ሲመጣ ደግሞ ጥቁሮቹ ከሌላው ተለይተው በአንዲት ደሴት ይኖራሉ የሚል ታሪክ ተሰጠው። ከየፕላኔቱ ልጅ የሚቀበል ማኅበር ላይ ይህ መጻፉ እስካሁን ያሳዝነኛል። ከዚያ ወዲህ ታሪኩ በ1994፣ በ2004ና በ2019 ከሥር እንደገና ተጀምሯል።

እኔ ግን ከሁሉ የምወዳቸው በ1963 የመጡትን የተጠባባቂ ጀግኖች ሌጌዎን ነው። ሁሉም ለአባልነት አመልክተው የተመለሱ ናቸው። ፖላር ቦይ ቅዝቃዜ ይለቃል፤ ሲፈተን ግን ፈታኞቹን ራሳቸውን አንቀጠቀጣቸው። ናይት ገርል ጉልበተኛ ናት፤ ፀሐይ ስትወጣ ግን ጉልበቷ ይጠፋል። ስቶን ቦይ ድንጋይ ይሆናል፤ ድንጋይ ሆኖ ግን መንቀሳቀስ አይችልም። ክሎሮፊል ኪድ ተክል ያሳድጋል፣ ፋየር ላድ እሳት ይተፋል። አምስቱ ተሰብስበው አላለቀሱም። ለማንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ፤ ዓላማቸውም የተመለሱበትን ሌጌዎን በስውር መርዳት ነበር። ፖላር ቦይ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1980ዎቹ፣ ዋናው ሌጌዎን በአባልነት ተቀበለው፤ ቆይቶም መሪው ሆኖ ተመረጠ።