በሐዋሳ ሐይቅ ላይ የሚሰበሰቡ የሥነ ሕይወት መረጃዎችን ማጋራትና ማዋሐድ

ሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ በገጸ ምድር የሚፈስ መውጫ ስለሌለው በጥቁር ውኃ ወንዝ የገባው ብክለት እዚያው ይጠራቀማል። ብክለቱ በዓሣው ላይ ያደረሰውን ለማወቅ የኬሚስቱን፣ የዓሣ ባለሙያውንና የዘረመል ተመራማሪውን መዝገብ ማገናኘት ግድ ነው። ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በኮምፒውተር አቅም ማነስ ሳይሆን በቀን፣ በቦታና በስም አመዘጋገብ ነው።

ቀን ዋናው ወጥመድ ነው። «05/06/2015» ተብሎ የተጻፈው የካቲት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ከሆነ፣ በጎርጎርሳውያን አቆጣጠር 2023-02-12 ነው። ሶፍትዌሩ ግን እንዳለ ተቀብሎ ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። ወርን በሚያስቀድም አሜሪካዊ አጻጻፍ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ደግሞ «03/13/2015»ን፣ ማለትም ጳጉሜን 3ን፣ ማርች 13 ያደርገዋል። ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ጠዋት 3:00 የተለካ ኦክስጅን 09:00 ተብሎ ካልተመዘገበ የሌሊት ልኬት ይመስላል፤ የሟሟ ኦክስጅን ደግሞ ሌሊት ይቀንሳል፣ ከሰዓት በኋላ ይጨምራል። መፍትሔው ቀኑና ሰዓቱ መጀመሪያ የተጻፉበትን ዓምድ ሳይነኩ፣ አጠገቡ በዓመት-ወር-ቀን ቅደም ተከተል የተለወጠውን ማስቀመጥ ነው።

ቦታን በተመለከተ፣ የቆዩ ካርታዎች ኬክሮስና ኬንትሮስን ለመለካት አዲንዳን የተባለውን መነሻ ይጠቀማሉ፤ ጂፒኤስ ግን ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ሌላ መነሻ ይጠቀማል። ሳይለወጡ ቢደባለቁ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ይሸሻል፤ የሐይቅ ዳርቻ ናሙና ውኃ ውስጥ ይገኛል፣ ወይም የሐይቁ ናሙና የብስ ላይ።

ስምን በተመለከተ፣ ቆሮሶ የተባለው ዓሣ በድሮ ጥናቶች ቲላፒያ ኒሎቲካ፣ ዛሬ ኦሪዮክሮሚስ ኒሎቲከስ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሁለት ዝርያ አድርጎ ይቆጥረዋል። ናይትሬትም መለያ ይፈልጋል፦ በናይትሮጅን የተገለጸ 10 ሚሊግራም በሊትር፣ በናይትሬት ሲገለጽ 44 ገደማ ይሆናል። በሠንጠረዡ ውስጥ ባዶ የቀረ ሕዋስም ዜሮ ማለት አይደለም።

የዲኤንኤ ቅደም ተከተል ጀንባንክ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የዘረመል መረጃ ቋት፣ የዝርያ ምዝገባ ደግሞ ዳርዊን ኮር በተባለው የዓምድ ስያሜ መስፈርት የብዝኃ ሕይወት መረጃ ቋት ወደሆነው ጂቢአይኤፍ ይገባል። ሁለቱን የሚያገናኘው የናሙና መለያ ቁጥር ስለሆነ፣ ከብልቃጡ እስከ ፋይሉ ሳይለወጥ መዝለቅ አለበት። የጄኔቲክ ሀብትን ማግኘት በአዋጅ ቁጥር 482/1998 ይመራል፤ ፈቃዱን ናሙና ከተሰበሰበ በኋላ መጠየቅ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው።

በሐይቁ ዙሪያ የሚሰበሰብ የወባ ሕሙማን መረጃ ለብቻው ይታያል። ስም ቢሰረዝም ቀበሌ፣ ዕድሜና የምርመራ ቀን ሲገጣጠሙ ሰውየውን ያጋልጣሉ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስላለም ለሕዝብ የሚለቀቀው ቅጂ ቦታን ወደ 0.01 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ቢያጠጋጋ ይመረጣል። ይህ ግን ከትንኝ መፈልፈያ ጋር ለማዛመድ እጅግ ሰፊ ስለሆነ፣ ትክክለኛው ቅጂ በፈቃድ ብቻ የሚታይ ሆኖ ይቀመጣል።