ውዳሴ ከንቱ ምንድን ነው?

በግብፅ አስቄጥስ በረሃ አንድ አረጋዊ መነኩሴ ወደ አንድ ወንድም መነኩሴ በዓት (ማደሪያ) ይሄዳሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ከውስጥ ድምፅ ሰሙ። ከመጽሐፍ ምን እያነበበ ይሆን ብለው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ። ሰውዬው ግን እያነበበ አልነበረም። እየሰበከ ነበር፤ ያውም ብቻውን። በሐሳቡ ቤተ ክርስቲያኑ ግጥም ብሎ ሞልቶለታል። ስብከቱን ሲጨርስ ደግሞ ዲያቆን ሆነና ንኡሰ ክርስቲያኑን፣ ማለትም ገና ያልተጠመቁትን ተማሪዎች፣ አሰናበተ። አረጋዊው ይሄኔ አንኳኩ። መነኩሴው ደንገጥ ብሎ ወጣ። ከመጡ ቆይተው እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውም፣ ኧረ አሁን ገና ነው የደረስኩት፣ ንኡሰ ክርስቲያኑን ስታሰናብት፣ አሉት።

ይህን ታሪክ የተወልን በዚያ በረሃ የኖረው መነኩሴ ዮሐንስ ካስያን ነው። የጻፈው ለማሳቅ ብቻ አይደለም። ስለ አንድ በሽታ እያስተማረ ነበር። የበሽታው ስም ውዳሴ ከንቱ ይባላል።

ውዳሴ ግእዝ ነው፤ ምስጋና፣ ሙገሳ ማለት ነው። ከንቱ ደግሞ ባዶ፣ ፍሬ የሌለው። የግሪኩ ቃል ኬኖዶክሲያም ትርጉሙ ያው ባዶ ክብር ነው። ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች «በከንቱ ውዳሴ ምክንያት አንድ እንኳ አታድርጉ» ሲል (2፥3) ያነሣው ይህንኑ ነው። በየዕለቱ አፋችን ልታይ ልታይ ማለት እንለዋለን። ወይም የታይታ ኑሮ።

ብዙ ሰው ከትዕቢት ጋር ያምታታዋል። ዘመዳሞች ናቸው፣ ግን አንድ አይደሉም። ትዕቢተኛ ተመልካች አያስፈልገውም። ሌላውን ሰው ከቁብ አይቆጥረውም፣ ምን ይላል ብሎም አይጨነቅ። ውዳሴ ከንቱ የያዘው ሰው ግን ያለ ተመልካች መኖር አይችልም። የሰው ዓይን ቀለቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ399 ያረፈው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ ሰውን የሚፈትኑትን ክፉ ሐሳቦች ስምንት ብሎ ሲቆጥር ውዳሴ ከንቱን ሰባተኛ፣ ትዕቢትን ስምንተኛ አድርጎ ለያይቷቸዋል። ከሱ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ የሮሙ ጳጳስ ታላቁ ጎርጎርዮስ ቁጥሩን ወደ ሰባት አመጣው። ትዕቢትን ከቁጥሩ አውጥቶ የሁሉ ሥር አደረገው፤ ከሰባቱ መጀመሪያ ላይ ያስቀመጠው ውዳሴ ከንቱን ነው።

ታዲያ ይህ ነገር ከሌላው ፈተና በምን ይለያል? ሌላው ስታሸንፈው ይደክማል። ሆዳምነትን በጾም ትገታዋለህ፣ ቁጣን በትዕግሥት። ውዳሴ ከንቱ ግን የሚበላው መልካም ሥራህን ነው። ከጾምክ በጾምህ ይመጣል። ከሰጠህ በምጽዋትህ ይመጣል። ካስያን ሽንኩርት ብሎታል፤ አንዱን ልባስ ስትልጥ ከሥሩ ሌላ ልባስ አለ።

ራሴን ልጥቀስ። አንድ ጊዜ አንድ የተቸገረ ሰው ረዳሁና ለማንም ላልናገር ወሰንኩ። ግራህ ቀኝህ የምታደርገውን አትወቅ የሚለውን አስቤ ነው። ሦስት ቀን ያህል ዝም አልኩ። በዝምታዬ ግን ውስጥ ውስጡን እንዴት ደስ ይለኝ እንደነበር! በአራተኛው ቀን ከጓደኞቼ ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ፣ «ስም አልጠቅስም እንጂ ሰሞኑን አንድ ሰው…» ብዬ ጀመርኩ። ስሙን አለመጥቀሴ ራሱ ጌጥ ሆነልኝ። ሽንኩርቱ ይሄ ነው።

ሌላው መልኩ ትሕትና ለብሶ ነው የሚመጣው። «እኔ እኮ ምንም የማላውቅ ኃጢአተኛ ነኝ» ትላለህ፣ ከዚያ ትጠብቃለህ። የምትጠብቀው «ኧረ በፍጹም! እንዲያውም አንተ…» የሚለውን ነው። ሰሚው ድንገት «አዎ፣ ልክ ነህ፣ እኔም ታዝቤአለሁ» ቢልህስ? ሆድህ ቁርጥ ይላል። የዚያን ቀን ማታ እንቅልፍ ከነሣህ፣ ያ ንግግር ኑዛዜ አልነበረም።

ደግሞ ጥቅስ ይዞም ይመጣል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 4 ፈታኙ ኢየሱስን ከቤተ መቅደሱ ጫፍ ላይ አቁሞ ራስህን ወደ ታች ወርውር ሲለው፣ መላእክት ይጠብቁሃል ተብሎ ተጽፏል ብሎ ከመዝሙረ ዳዊት እየጠቀሰ ነው። ጎርጎርዮስ ይህን ፈተና የፈታው የውዳሴ ከንቱ ፈተና ብሎ ነው። ፈታኙ ድንጋዩን እንጀራ አድርግ ያለው በምድረ በዳ፣ ማንም በሌለበት ነበር። ለዝላዩ ግን ከተማና ቤተ መቅደስ መረጠ።

ይሄ ሁሉ መጥፎ ጠባይ ነው ብለን እንለፈው? እኔ አይመስለኝም። ኢየሱስ ራሱ ነገሩን ከእምነት ጋር አገናኝቶታል። በዮሐንስ 5፥44 እርስ በርሳችሁ ክብር እየተቀባበላችሁ፣ ከአንዱ ከእግዚአብሔር የሆነውን ክብር ሳትፈልጉ እንዴት ልታምኑ ትችላላችሁ ብሎ ይጠይቃል። ማመን አትፈልጉም አላለም፤ እንዴት ትችላላችሁ ነው ያለው። ማመን ማለት ዋጋህን ሌላ እጅ ላይ መተው ነው። ውዳሴ ከንቱ ደግሞ ዋጋውን እዚሁ፣ አሁኑኑ፣ በጥሬው ነው የሚፈልገው። በተራራው ስብከት ለታይታ ስለሚመጸውቱት «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» የሚለው የግሪኩ ቃል በዘመኑ ደረሰኝ ላይ የሚጻፍ ቃል ነበር። ሙሉ ክፍያ ተፈጽሟል እንደማለት። አበቃ፣ የሚጠበቅ ቀሪ ሂሳብ የለም። ዛሬ ደረሰኙ ላይክ ሊሆን ይችላል፤ ካሜራ ፊት የተሰጠ ምጽዋት ስንቴ አይተናል።

እንግዲህ መመስገን ኃጢአት ነው ወይ? አይደለም። በዚያው ስብከት ብርሃናችሁ በሰው ፊት ይብራ ተብሏል። ሰዎቹ አይተው የሚያከብሩት ግን በሰማያት ያለውን አባታችሁን ነው። ልታይ ልታይ ይሆንብኛል ብሎ መልካሙን ሥራ መተውም መፍትሔ አይመስለኝም። የተራበው ሰው የአንተ ልብ እስኪጠራ አይጠብቅም። እየሰጡ መታገል ይሻላል። ጌታም ስትጸልዩ እልፍኛችሁን ዝጉ፣ ስትጦሙ ፊታችሁን ታጠቡ አለ እንጂ ጸሎቱንና ጾሙን ተዉ አላለም።

ወንጌላዊው ዮሐንስ በምዕራፍ 12 ከአይሁድ አለቆች ብዙዎች በኢየሱስ እንዳመኑ፣ ግን ከምኩራብ እንዳያስወጧቸው ፈርተው እንዳልመሰከሩ ይነግረናል። ምክንያቱንም ይጨምራል፦ ከእግዚአብሔር ክብር ይልቅ የሰውን ክብር ወደዱ። ከአለቆቹ አንዱ የነበረው ኒቆዲሞስ መጀመሪያ ወደ ኢየሱስ የመጣው በሌሊት ነበር። ምዕራፍ 19 ላይ ደግሞ መምህሩ ተሰቅሎ ከሞተ በኋላ እናገኘዋለን። መቶ ንጥር የሚያህል የከርቤና የእሬት ቅልቅል ተሸክሞ፣ ሥጋውን ሊገንዝ መጥቶ።